ጣቴን ይዤ የከረምኩበት ክረምት

የሰው ደም ግፊት መለካት ሥራዬ ነው። በአንድ ሌሊት አሥራ ምናምን ክንድ ላይ ያንን ጨርቅ እጠቀልላለሁ። ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ከፍ ካለ ለነርሷ እነግራለሁ። የራሴን ክንድ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አስታውሼው አላውቅም።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የማታ ሺፍት፣ በፈረንጅ ሰዓት ከማታ 11 እስከ ጠዋት 7። እዚህ እንዳሉት ብዙ የአገሬ ልጆች እኔም ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት ነኝ። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማባበል። ባለፈው ክረምት፣ የበረዶውን ማለቴ ነው፣ ሰው ጎድሎ ደብል፣ ሁለት ሺፍት አከታትዬ እሠራ ነበር። ማጅራቴን ጨምድዶ የሚይዝ ራስ ምታት የጀመረኝ ያኔ ነው።

አብራን የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች። ዘሯ ጃፓን፣ ተወልዳ ያደገችው ሃዋይ። አንድ ሌሊት ብሬክ ክፍል ውስጥ ጭንቅላቴን ይዤ አገኘችኝ። አጠገቤ ተቀመጠችና የግራ አውራ ጣቴን በቀኝ እጄ አስጨበጠችኝ።

«አትጭመቂው። ያዢው ብቻ። ትከሻሽን ጣይና ተንፍሺ።»

ያዝኩት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ጣቴ ውስጥ የልብ ምቴ ተሰማኝ። ትከሻዬ ለካ ጆሮዬ ሥር ደርሶ ኖሯል፤ ወረደልኝ።

ጂን ሺን ጁትሱ የሚባል የጃፓን የእጅ ሕክምና ነው አለችኝ። አውራ ጣት ለጭንቀት፣ ሌባ ጣት ለፍርሃት፣ የመሃሉ ለንዴት፣ የቀለበት ጣት ለሐዘን ነው። ትንሿ ጣት ደግሞ ከአቅም በላይ እየተፍጨረጨረ «ምንም አልሆንኩም» ለሚል ሰው ናት። ያቺን ስትነግረኝ ትክ ብላ አየችኝ። እኔ ግን የመሃሉን መረጥኩ። አሜሪካ ውስጥ የመሃል ጣትን ለብቻው ይዞ ኮሪደር ላይ መቆም እንዴት እንደሚያስጠረጥር እናንተው ገምቱት። ጠረጴዛ ሥር ነበር የምይዘው።

ታሪኩን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። ይህን ጥበብ መልሶ ያነሣው ጂሮ ሙራይ የሚባል ሰው በ26 ዓመቱ በጠና ይታመማል። ተስፋ ሲቆረጥበት ተራራ ላይ ያለች ጎጆ ውሰዱኝ ይላል። እየጾመ፣ እያሰላሰለ፣ ጣቶቹን እያጣጠፈ ሰባት ቀን ሰነበተና ድኖ ወረደ ይባላል። ሬኪ የሚባለውን የእጅ ሕክምና የጀመረው ሚካዎ ኡሱይም በ1922 ኪዮቶ አጠገብ ኩራማ ተራራ ላይ 21 ቀን ጾሞ ነው አሉ። እኔ በልቤ ቆጠርኩ። አንደኛው አንድ ሱባኤ፣ ሁለተኛው ሦስት ሱባኤ! ይሄንን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሬኪውም አንድ ነገር አሳየችኝ፤ ትርጉሙ «ደረቅ መታጠብ» ነው። ቀኝ እጅን ግራ ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ እየተነፈሱ፣ በደረት ሰያፍ እስከ ቀኝ ዳሌ ጠረግ ማድረግ ነው። ከዚያ በሌላው እጅ ከሌላው ትከሻ፣ ከዚያ እንደገና በቀኙ። ሰው የሞተብን ሌሊት መኪናዬ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ሳደርገው ደስ ይለኝ ነበር። ጉልበት ይተላለፋል አይተላለፍም የሚለውን አላውቅላቸውም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋምም ሬኪ ለየትኛውም የጤና ችግር እንደሚሠራ በግልጽ አልታየም ነው የሚለው። እኔን የጠቀመኝ ሌሊቱን በር ላይ ጥሎ ወደ ቤት መሄዱ ነው።

አብረውን የሚሠሩ እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አላማራቸውም።

«እጅ መጫን የካህን ነው ልጄ። ይሄ የማን መንፈስ እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

«እትዬ፣ የራሴን ጣት ነው እኮ የያዝኩት።»

«እሱማ ሕፃንም ይይዛል» ብለው ሄዱ።

ነርሷ ይሄን ስተረጉምላት አልከፋትም። ጃፓንኛ ውስጥ «ቴአቴ» የሚባል ቃል አለ አለችን። እጅ ማሳረፍ እንደማለት ነው፤ የቁስለኛ የመጀመሪያ ዕርዳታም በዚሁ ቃል ይጠራል። እናት የልጇን ግንባር ስትነካ እንደምታደርገው ማለት ነው። ያው ቃል ደግሞ ደሞዝ ላይ የሚጨመር አበልም ይሆናል፤ የትርፍ ሰዓት አበል ቴአቴ ነው። ደብል ለምሠራው ለእኔ የሁለተኛው ፈውስ ይበልጥብኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር ሄደ። አልዋሽም፣ ጠቅሞኛል። እንቅልፌ ተሻሻለ። ደወል አሥር ጊዜ በሚደውሉት ሽማግሌ ላይ መነጫነጭ ተውኩ። ራስ ምታቱ ግን አልሄደም። ሲመጣ ጣቴን እይዛለሁ፣ ለዘብ ይላል፣ እነሳለሁ፣ እሠራለሁ። በማግስቱ ይመለሳል። ቢሠራ ነው እንጂ ለምን ይለዝብ ነበር እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

የካቲት ላይ አንድ ሌሊት፣ በሐበሻ ሰዓት አሥር ገደማ፣ እኔና እትዬ አንዲት አሮጊት በማንሻ ማሽኑ ከአልጋ ወደ ወንበር እናዛውራለን። እጀታውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አየር ላይ እንዳሉ ግድግዳው ዞረብኝ። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መጣ። ማሽኑ በሁለት ሰው እንዲሠራ ለምን እንደተደነገገ ያን ሌሊት ገባኝ። እትዬ በአንድ እጃቸው ማንጠልጠያውን፣ በሌላው ክንዴን ያዙ። «ቁጭ በይ!» አሉኝ። ተቀመጥኩ። አሮጊቷን ቀስ አድርገው አወረዱና ደወሉን ተጫኑት።

ነርሷ መጥታ ያንን ጨርቅ ክንዴ ላይ ጠቀለለችው። 192 በ118። ደገመችው። ያው።

የተቆጣችውን ቁጣ አልረሳውም። «ራስ ምታቱ ስንት ጊዜው ነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጣቴን እየያዝኩ ነበራ።»

ዝም አለች። ከኪሷ አንዲት የመድኃኒት ሣጥን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉባት፣ በየቀኑ ክኒን ያለባት። የእሷው የግፊት መድኃኒት ነበር። ስድስት ዓመት ስትውጠው ኖራለች። ጣቷን ስትይዝ ነው እንጂ ክኒኗን ስትውጥ አይቼ አላውቅም።

አምቡላንስ ተጠራ። ድንገተኛ ክፍል ሰባት ሰዓት አቆዩኝ። ልብና ኩላሊቴ አልተነካም፤ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ክኒን ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ሐኪሙ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም፣ አንቺስ ያሳየሽ ዕድለኛ ነሽ አለኝ። የሥራ ቦታው ሪፖርት ላይ ምክንያቱን ስጽፍ ብዕሬ ቆመ። «ሠራተኛዋ የራሷን አልለካችም» የሚል ሣጥን የለውም።

ከወር በኋላ ለምርመራ ስሄድ የክሊኒኩ ልጅ ከመለካቷ በፊት አምስት ደቂቃ አስቀመጠችኝ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳያጣምሩ፣ ሳያወሩ። ይሄ ደንብ ነው፤ እኔ ራሴ በሥራ ጥድፊያ ስንቴ እንደዘለልኩት እግዜር ይቁጠረው። አምስቱን ደቂቃ ትንሿን ጣቴን ይዤ ጠበቅሁ። 136 በ84።

ማታ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ጣቱ ነው ክኒኑ?»

«ክኒኑ ነው እትዬ።»

ሻያቸውን ፉት አሉ። ብሬክ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። በሩን አየት አደረጉና ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እስቲ የጭንቀቱ የትኛው ነበር?»