ከሐይቅ ከተማ ጠበቃነት ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

ለሕግ አውጪነት ያዘጋጀኝ በደቡብ ወሎ በሐይቅ ከተማ የሠራሁት የጥብቅና ሥራ ነው። የትንሽ ከተማ ጠበቃ በአንድ የሕግ ዘርፍ ተወስኖ አይኖርም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወሰን ክርክር፣ የውርስ ክፍፍል፣ የቀለብ አቤቱታና የዋስትና ጥያቄ ይዞ ችሎት ይቆማል፤ ይግባኝ ሲኖርም ደሴ ወደሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝ ግን መሬታቸውን ለልማት የለቀቁ ገበሬዎች ጉዳዮች ናቸው።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ ይዞታውን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። ስሌቱ ሲነበብ ሚዛናዊ ይመስላል። በወሎ ግን በልጉ የሚቀርበት፣ ክረምቱም አጥሮ ማሽላው ሳያፈራ የሚደርቅበት ዓመት አለ። ከ5ቱ ዓመታት ሁለቱ የድርቅ ከሆኑ አማካዩ ይወርዳል፤ የወረደው ገቢ በ10 ሲባዛም ገበሬው ያለፈውን ድርቅ ለመጪዎቹ ዓመታት ጭምር ይከፍላል። በዚያ ላይ ባለይዞታው መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ሰነድ ካላያያዘ ይግባኙ ተቀባይነት አልነበረውም። ምስክር አቆም፣ የገማቾቹን የምርትና የዋጋ ሠንጠረዥ እሞግት ነበር፤ ስሌቱ ግን የሕጉ በመሆኑ ዳኛው ሊለውጠው አይችልም። አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ውሳኔውን ካነበብሁላቸው በኋላ «አብሽር ልጄ፣ አንተስ ዳኛውስ ምን ታደርጉ፤ ይህን የጻፈው እዚህ የለም» አሉኝ። በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ እጩ እንድሆን ስጠየቅ የተቀበልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ችሎት የለመደ ሰው ምክር ቤት ሲገባ በመደበኛ ስብሰባ ተነሥቶ መከራከር ይመኛል። ሆኖም 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ለአንድ ተናጋሪ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አባላቱም በሙሉ ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ የተመረጡ በነበሩበት በዚያ የሥራ ዘመን፣ የድምፁ ውጤት አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር። የአንቀጾች ቃል የሚለወጠው ረቂቁ ለዝርዝር እይታ በሚመራለት ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ጉልበቴን በሙሉ እዚያ አደረግሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ሲደነግግ፣ እኔ ለኅሊና ቦታ ያገኘሁለት በዚህ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ድንጋጌ ሳነብ ከቀድሞ ደንበኞቼ አንዱን በቦታው አቆም ነበር፦ ምን ማስረጃ ይጠየቃል? ማስረጃውን ከየት ያመጣል? ጊዜው የሚያልፍበት መቼ ነው?

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ለማያገኝ ባለይዞታ የካሳው መነሻ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ሆኖ በ15 እንዲባዛ ሲደነገግ፣ የብዙ ሰው ሥራ ውጤት መሆኑን እያወቅሁ ከልብ ተደሰትሁ። ይሁንና የገበሬውን የ3 ዓመት ገቢ ማን መዝግቦ ያቆየዋል የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያሳስበኛል፤ መዝገብ ከሌለ ከፍተኛው ዓመት የትኛው እንደሆነ ማስረዳት ከባድ ነው።

እጅግ የከበደኝ ግን የመራጮቼ ጥያቄ ነበር። «ልጃችን እዚያ እያለህ ለዳኛው ብትደውልልን ምን አለበት?» የሚሉኝ በችሎት የቆምሁላቸው፣ የማከብራቸው ሰዎች ነበሩ። የዳኝነት ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የተረጋገጠ በመሆኑ አንድም ጊዜ አልደወልሁም፤ በዚህም የተቀየሙኝ አሉ። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ወደ ወረዳው ተመልሼ፣ የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ማመልከት እንዳለበት በየቀበሌው አስረዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዎች ትእዛዙ የደረሳቸውን ቀን በወረቀቱ ጀርባ ጽፈው ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ።