ጃፓንን በኩማሞቶ በኩል፦ የንባቤ ጉዞ እስካሁን

ስለ ጃፓን ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ስለ ዜን፣ ስለ ሻይ ሥርዓት፣ ወንዝ ውስጥ ይኖራል ስለሚባለው ካፓ፣ ስለ ሳሙራይ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። አሁን ግን አካሄዴን ለወጥ አድርጌያለሁ። አንድ ቦታ መርጬ እዚያው መቆፈር ይዣለሁ።

የመረጥኩት ኩማሞቶን ነው። ክዩሹ የምትባለው ደሴት ላይ ያለ ክፍለ ሀገር ነው፤ የድሮ ስሙ ሂጎ ነው። ተረቱም፣ ሕክምናውም፣ የሰፈር ኑሮውም እዚያ አንድ ላይ ተቋጥሮ አገኘሁት። ይዤው የምዞረው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሰው ሲታመም፣ ሌላው ስለ በሽታው የሚያወራው ታሪክ ታማሚውን የት ያስቀምጠዋል? ቤቱ ውስጥ፣ ከዘመድ ከጎረቤት ጋር? ወይስ ከአጥር ውጭ? የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአማቢዬ ልጀምር። በ1846 የታተመ አንድ የወሬ ወረቀት አለ፤ በዚያ ዘመን ከተማ ውስጥ እየዞረ የሚሸጥ ዓይነት። ዛሬ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ታሪኩ አጭር ነው። ሂጎ ባሕር ላይ ሌሊት ሌሊት አንድ የሚያበራ ነገር ይታያል። የአካባቢው ሹም ሊያጣራ ይሄዳል። ፀጉሩ ረጅም፣ አፉ የወፍ፣ ገላው የዓሣ ቅርፊት የለበሰ ፍጡር ብቅ ይልና «አማቢዬ እባላለሁ፤ የምኖረው ባሕር ውስጥ ነው» ይለዋል። «ከዘንድሮ ጀምሮ ለስድስት ዓመት በየአገሩ ምርቱ ጥሩ ይሆናል። በሽታም ይነሣል። ቶሎ መልኬን ስላችሁ ለሰው አሳዩ» ብሎ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ጃፓኖች ይህን ሥዕል እንደገና አወጡት። ተማሪው፣ ኬክ ጋጋሪው፣ ባለሙያ ሠዓሊው፣ ሁሉም አማቢዬን እየሳለ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለቅ ጀመር። ጤና ሚኒስቴሩ ራሱ ለወጣቶች ባወጣው የጥንቃቄ መልእክት ላይ ተጠቀመበት። ጽሑፉን ደጋግሜ ሳየው ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አማቢዬ «ሥዕሌን ያየ ይድናል» አላለም። ያለው «ለሰው አሳዩ» ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ለሌላ በሩን ለዘጋ ሰው የሚልከው ነገር አገኘ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወደ ፈንጣጣ ገባሁ። የፈንጣጣው ወግ የመላው ጃፓን እንጂ የኩማሞቶ ብቻ አይደለም። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ፈንጣጣ ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ ያንኳኳ ነበር። «ፈንጣጣ መልክን ይወስናል፣ ኩፍኝ ነፍስን ይወስናል» ይባል ነበር። ሆሶጋሚ የሚባል የፈንጣጣ አምላክም ነበረ። ልጁ ሲታመም ቀይ ያለብሱታል። ቀይ አሻንጉሊት አጠገቡ ያደርጉለታል። በቀይ ቀለም ብቻ የታተመ የጀግና ሥዕል ይሰጡታል። ሲሻለው አምላኩ በክብር ይሸኛል። ከገለባ የተሠራ ክብ ነገር ላይ ቀይ ወረቀት ተደርጎ መንገድ ዳር ይቀመጣል፣ ወይም ወንዝ ላይ ይለቀቃል። ቀይ ጨርቅ ቫይረስ አይገድልም፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ግን ቤቱ ነው ያለው። እናቱ አጠገቡ ናት፤ ሰፈሩም ምን እንደሚያደርግለት ያውቃል።

ሕክምናውም ሲመጣ ይህን ወግ ገፍትሮ አልገባም። በ1849 ከላም ፈንጣጣ የተገኘው ክትባት ናጋሳኪ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኦጋታ ኮአን የሚባል ሐኪም ኦሳካ ውስጥ የክትባት ጣቢያ ከፈተ። ያኔ ክትባቱ የሚተላለፈው ከአንዱ ልጅ ክንድ ወደ ሌላው ልጅ ክንድ ነው። ሰንሰለቱ አንዴ ከተበጠሰ አለቀ። ሰዉ ደግሞ ፈራ። ከላም የመጣ ነገር ልጄ ገላ ውስጥ ይግባ? ኮአን ለድሃ ልጆች ሩዝና ገንዘብ እየሰጠ ሰንሰለቱን አቆየው። ክትባቱን ለማስተዋወቅ በተበተኑት ወረቀቶች ላይ ደግሞ አንድ ሕፃን ላም ላይ ተቀምጦ በጦር የፈንጣጣውን ጋኔን ሲያባርር ይታያል። ይህን እንደ ማታለል የሚያይ ሰው ይኖራል። እኔ እንደ አክብሮት ነው የማየው። እናቶቹ ጋኔኑን ያውቁታል። ኮአን እሱን የሚያሸንፍ አዲስ ጀግና ነው ያመጣላቸው።

ኩማሞቶ ደግሞ እዚህ ታሪክ ውስጥ በሌላ በር ትገባለች፤ እኛንም ይዛ። በ1977 የዓለም ጤና ድርጅትን የፈንጣጣ ማጥፊያ ክፍል ከአሜሪካዊው ዶክተር ሄንደርሰን ተረክቦ የመራው ዶክተር አሪታ ኢሳኦ የኩማሞቶ ልጅ ነው። የዘመቻው መጨረሻ የተካሄደው በእኛው በአፍሪካ ቀንድ ነው። ኢትዮጵያ የመጨረሻ የፈንጣጣ ታማሚዋን ያየችው በ1976 ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በ1977 ሶማሊያ ተገኘ። አማቢዬ ታየ በተባለበት አገር የተወለደ ሐኪም፣ የአያቶቻችንን ፊት ያበላሸውን በሽታ እኛ ሰፈር ድረስ አሳዶ ከጨረሱት አንዱ ሆነ።

የሥጋ ደዌው ታሪክ ግን ከባድ ነው። ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ኩማሞቶ ከተማ ውስጥ ሆንሚዮጂ የሚባል የቡድሂስት ቤተ መቅደስ አለ። በ1611 የሞተው የጦር አዛዥ ካቶ ኪዮማሳ የተቀበረበት ነው። ሕዝቡ ኪዮማሳ ሥጋ ደዌ ይፈውሳል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ታማሚዎች ከሩቅ እየመጡ ደረጃዎቹ ላይ ይቀመጣሉ፤ ይለምናሉ፣ ይጸልያሉ። በንግሥ ቀን የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያየ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉ ቶሎ ይመጣለታል። ሐና ሪዴል የምትባል እንግሊዛዊት ሚስዮናዊት እነዚህን ሰዎች አይታ በ1895 እዚያው ከተማ ሆስፒታል አቋቋመችላቸው።

መንግሥት የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1907 የወጣው ሕግ መጠለያ አጥተው የሚንከራተቱ ታማሚዎችን ከመንገድ ማንሣት ጀመረ። በ1931 ሕጉ ሁሉንም ታማሚ የሚመለከት ሆነ። በጁላይ 1940 ፖሊስ ሆንሚዮጂ አካባቢ ያለውን ሰፈር ከብቦ 157 ሰው ወሰደ። ከዚያ በየአገሩ ባሉ የማግለያ ተቋማት በተኗቸው። ከጦርነቱ በኋላ ፕሮሚን የሚባለው መድኃኒት ጃፓን ገባ፤ በሽታው የሚድን ሆነ። ሕጉ ግን በ1953 ታደሰ እንጂ አልቀረም። የተሻረው በ1996 ነው። መድኃኒት ከተገኘ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት የሚጠጋ ማለት ነው!

የሕዝቡም ወግ እዚህ ላይ ንጹሕ አይደለም፤ ይህን አለመናገር ትክክል አይሆንም። ሥጋ ደዌ ካለፈ ሕይወት የመጣ ቅጣት ነው፣ በዘር የሚወርድ ነው ይባል ነበር። ቤተሰብ ታማሚውን ይደብቃል፣ ስሙን ያስለውጣል። በ1954 እዚያው ኩማሞቶ ከተማ የታማሚ ልጆች፣ ራሳቸው በሽታው የሌለባቸው ሕፃናት፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የሌሎች ልጆች ወላጆች ተነሡባቸው። ተረትና ሳይንስ የሚለውን ክፍፍል የተውኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ተረት ታማሚን ሊያቅፍ ይችላል፣ ሊያባርርም ይችላል። ሳይንስም እንደዚያው። የሆንሚዮጂ ተረት ቢያንስ ደረጃው ላይ ቦታ ሰጥቷቸው ነበር። በሳይንስ ስም የወጣው ሕግ እሱንም ወሰደባቸው።

የኩማሞቶ ፍርድ ቤት በሜይ 2001 ማግለሉ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብሎ ፈረደ። መንግሥትም ይግባኝ አልጠየቀም። በ2019 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ለታማሚዎቹ ቤተሰቦች ፈረደ።

አሁን ሚናማታ። ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ይሄ ነው።

ሚናማታ በኩማሞቶ ደቡብ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ቺሶ የሚባል ኩባንያ እዚያ አሴታልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ያመርት ነበር፤ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቃል። መርዙ ዓሣው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ዓሣውን የበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ ሞቱ። ከዚያ ሰዎች። እጃቸው ይደነዝዛል፣ አንደበታቸው ይያዛል፣ ዓይናቸው የሚያየው ስፋት ይጠባል። በሜይ 1956 የኩባንያው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ መነሣቱን ለጤና ጣቢያው አሳወቀ። መጀመሪያ ተላላፊ መሰላቸው። ታማሚዎች ተለይተው ተቀመጡ፣ ቤታቸው መድኃኒት ተረጨበት፣ ጎረቤት ሸሻቸው። ገንዘባቸውን በእጁ መቀበል የሚፈራ ባለሱቅ ነበር። የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1959 ምክንያቱ ሜርኩሪ መሆኑን ተናገሩ። መንግሥት በይፋ ያመነው በ1968 ነው።

ሐራዳ ማሳዙሚ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ወጣት ሐኪም ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ቤት ድረስ እየሄደ ታማሚዎችን ያያል። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች ያገኛል። ምልክታቸው አንድ ነው። እናትየዋን ሲጠይቃት ትልቁ የሚናማታ በሽታ አለበት፣ ትንሹ ግን የለበትም አለችው። ለምን ሲላት፣ ትንሹ ዓሣ በልቶ አያውቅም፣ ከተወለደ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው፤ ሐኪሞቹ ሌላ በሽታ ነው ብለውኛል አለችው። እሷ ግን ሐኪሞቹን አላመነችም። ዓሣውን የበላሁት እኔ ነኝ፤ መርዙ ከእኔ ወደ ሆዴ ወዳለው ልጅ ሄደ ብላ ታስብ ነበር። ያኔ የሕክምና ትምህርቱ የእንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ይል ነበር። በ1962 እናትየዋ ትክክል መሆኗ ተረጋገጠ።

ከዚያ የእትብቱ ነገር መጣ። እኛ እትብት እንቀብራለን፤ አገራችንን የምንጠራውም እትብታችን በተቀበረበት ነው። ጃፓኖች የደረቀውን እትብት በትንሽ የእንጨት ሳጥን አድርገው፣ ስምና የልደት ቀን ጽፈውበት ያስቀምጣሉ። የእናትና የልጅ ማሰሪያ ነው። ሐራዳና ጓደኞቹ የሚናማታ እናቶችን እነዚያን ሳጥኖች ጠየቁ። በውስጣቸው ባለው እትብት ያለው ሜቲል ሜርኩሪ የሚባለው መርዝ ተለካ። ውጤቱ በ1975 ሲወጣ የመርዙ መጠን ከፋብሪካው ምርት ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ታየ። ኩባንያው ያልተናገረውን፣ መንግሥት ያልመዘገበውን፣ እናቶች በመሳቢያቸው አስቀምጠውት ነበር። ማንም ለማስረጃ ብሎ አላስቀመጠውም፤ በፍቅርና በወግ ነው ያስቀመጡት። ወግ ለሕክምና ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ኦጋታ ማሳቶ የሚባለውን ዓሣ አጥማጅም ሳልጠቅስ አላልፍም። አባቱ በ1959 በዚሁ በሽታ ሲሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አድጎ ታማሚዎች እውቅናና ካሣ እንዲያገኙ የሚታገለውን እንቅስቃሴ ከመሩት አንዱ ሆነ። በ1985 ግን ታማሚ ተብሎ እንዲታወቅ ራሱ ያስገባውን ማመልከቻ ሰረዘ። ምክንያቱ ለብዙዎች አልገባም። የኩባንያው ምርት ፕላስቲክ ለመሥራት ይገባ ነበር። እኔስ ጀልባዬ፣ መኪናዬ፣ ቤቴ ያለ ፕላስቲክ ይሆናሉ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ብሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር አለ። በመጨረሻ «ቺሶ እኔም ነኝ» እስከማለት ደረሰ። እኔ ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ለማለት ይከብደኛል። ጥፋተኛው ስም አለው፣ ካዝና አለው፣ ያወቀውን የደበቀባቸው ዓመታት አሉት። ያ መረሳት የለበትም። ኦጋታ ግን ይቅር በሉ እያለ አልነበረም። በገንዘብ ተከፍሎ የሚዘጋ ፋይል መሆንን ነው እምቢ ያለው። ከጓደኞቹ ጋር ሜርኩሪው በተቀበረበት፣ ባሕሩ ተደፍኖ በተሠራው መሬት ላይ፣ ትንንሽ የድንጋይ ቡድሃዎችን ጠርበው አቆሙ። ለሞቱት ሰዎች፣ ለዓሣዎቹ፣ ለድመቶቹም ጭምር።

ለምትጀምሩ አንዳንድ ጠቃሚ ነገሮች ልበል። ሂራጋናና ካታካና እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደል አላቸው። የእኛን ፊደል ለቆጠረ ሰው በክፍለ ቃል የሚጻፍ መሆኑ አይከብድም፤ በርቱበት። የድሮ ወረቀቶች ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት ግን ለአብዛኞቹ የዛሬ ጃፓኖችም አይነበብም። በ2021 የወጣ ሚዎ የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ፎቶ ስታነሡለት ወደ ዛሬው ፊደል ይለውጥላችኋል። ፍጹም አይደለም፣ ግን መንገድ ያሳያል። ስለ ዮካይ፣ ማለትም ስለ ጃፓን አስገራሚ ፍጡራን፣ ኪዮቶ ያለው ዓለም አቀፍ የጃፓን ጥናት ማዕከል በነፃ የሚታይ ትልቅ የመረጃ ቋት አለው። እኔ ፍለጋዬን በፍጡሩ ስም ሳይሆን በበሽታና በቦታ ስም ነው የማደርገው። እንደዚያ ሲሆን ታሪኮቹ አብረው ይመጣሉ።

ቀጥዬ የማነበው በ1909 ኩማሞቶ ውስጥ የተከፈተው የሥጋ ደዌ ማግለያ፣ ዛሬ ኪኩቺ ኬይፉኤን የሚባለው፣ ነዋሪዎች የጻፏቸውን ግጥሞች ነው። ጃፓንኛዬ ገና እዚያ አልደረሰም። ከእናንተ መካከል ታንካ የሚባለውን አጭር የጃፓን ግጥም ማንበብ የሚችል ካለ አብረን ብናነበው ደስ ይለኛል፤ በሳምንት አንድ ግጥም ይበቃናል።