ዝንቡ ትልቁን ወይራ ይመርጣል

ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሴቪላኖ፣ ማንዛኒሎ፣ አርቤኪና እና ኮሮኔይኪ የሚባሉ የወይራ ዝርያዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አፈሩም ውሃውም አንድ ነው። መከር ሲደርስ ግን ሴቪላኖው በትል ይወረራል፤ የኮሮኔይኪው ፍሬ በአብዛኛው ንጹህ ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ ዛፎቹን ሁሉ በእኩል መንከባከብ ትቼ በዝርያቸው መለየት ጀመርኩ።

ፍሬውን የሚያበላሸው የወይራ ዝንብ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1998 ሎስ አንጀለስ ነው። አፍሪካ ውስጥ ግን በዱር ወይራ ላይ ይኖራል። እኛ አገር የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ፣ ዘይት ከሚጨመቀው ወይራ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ይህን ሳውቅ ለዛፎቹ ያለኝ ፍቅር ጨመረ።

ሴቷ ዝንብ ፍሬውን ወግታ እንቁላሏን ከቆዳው ሥር ታስቀምጣለች። ፍሬውን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የመርፌ ጫፍ የምታክል፣ ጎድጎድ ያለች ቡናማ ምልክት ታገኛላችሁ። በቢላ ሰንጥቁት፤ ትሉ እየበላ የሄደበት ቡናማ መንገድ ይታያል። ትሉ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሥጋውን ጨርሶ ስስ ቆዳ ብቻ ያስቀራል፣ እንደ ክብ መስኮት ሆኖ።

ታዲያ ዝርያው ምን ለውጥ ያመጣል? ዋናው የፍሬው መጠን ነው። ሴቪላኖ ትልቅና ሥጋማ ነው፤ ለትሉ ምግቡ ሞልቷል። ኮሮኔይኪ 1 ግራም አካባቢ ነው፤ አርቤኪናም ትንሽ ናት። የቆዳው ጥንካሬ፣ ቀለሙና የሚበስልበት ጊዜም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ግን ትንሽ ፍሬ ማለት ዝንብ አይነካውም ማለት አይደለም። ትልቁ ካለቀ ወደ ትንሹ ይሄዳል። እኔ ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል፦ ሳይጠበቅ የቀረ ሴቪላኖ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ዝንብ ያራባል።

ስለዚህ ሥራዬን ከሴቪላኖው እጀምራለሁ። ሰኔ ላይ፣ የፍሬው ዘር ከመጠንከሩ በፊት፣ ወጥመድ እሰቅላለሁ። ወጥመዱ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ነው፤ ከላይ በኩል ዝንብ የምታስገባ ቀዳዳ እበሳበትና ቶሩላ የሚባለውን እርሾ በውሃ በጥብጬ እሞላዋለሁ። ጥላ ባለበት ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ እየደረቀ ስለሚያስቸግር ቶሎ ቶሎ አየዋለሁ። ፍሬው ላይ ደግሞ ካዎሊን የሚባለውን ነጭ የሸክላ ዱቄት በውሃ አሟሙቼ እረጫለሁ፤ ዛፉ ነጭ ይለብሳል፣ ዝንቡም ፍሬው ላይ ማረፍ ይከብደዋል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲያልፍ ዝንቡ ይዳከማል። መስከረም ላይ ቀዝቀዝ ሲል ግን ይመለሳል፤ ያኔ መዘናጋት የለም።

አለቃቀሙም እንደ ዝርያው ይለያያል። ሴቪላኖውንና ማንዛኒሎውን ለገበታ ስለምፈልጋቸው ገና አረንጓዴ ሳሉ እለቅማቸዋለሁ፤ ለገበታ የሚሆን ወይራ ውስጥ አንድ ትል እንኳ መገኘት የለበትም። አርቤኪናና ኮሮኔይኪ ለዘይት ናቸው። ጥቂት የተወጋ ፍሬ ቢቀላቀልም ችግር የለም፣ ቶሎ ከተጨመቀ። ካደረ ግን ዘይቱ ይኮመጥጣል።

ከመከር በኋላ መሬት የወደቀውንም ዛፍ ላይ የቀረውንም ፍሬ ሰብስቤ፣ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስሬ ከቆሻሻ ጋር አስወጣዋለሁ። ትሉ ብርዱ ሲቃረብ ከፍሬው ወርዶ አፈር ውስጥ ገብቶ የብርዱን ወራት ስለሚያሳልፍ ፍሬውን ከዛፉ ሥር አልተወውም። ጎረቤት ለጌጥ የተከለው፣ ማንም የማይለቅመው ወይራ ካለም አንኳኩቼ ልልቀምላችሁ እላለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።