ሦስት ቀን በሦስት ጎማ፦ ያገለገለ ስፓይደር አር ቲ መንገድ ላይ ሲፈተሽ

ማሽኑ ካን-አም ስፓይደር አር ቲ ነው፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ ያለው የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል። ከእ.ኤ.አ. 2014 ሞዴል ጀምሮ የገባው ባለ ሦስት ሲሊንደር 1,330 ሲሲ ሮታክስ ሞተር አለው፤ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ቆጣሪው 38,000 ኪሎ ሜትር ይላል፤ የጥገና መዝገብ ግን አብሮት አልመጣም። መዝገብ የሌለውን ማሽን ምንም አልተለወጠለትም ብሎ መቀበል ይሻላል። የ3 ቀንና የ1,100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ያወጣሁለት ቆሞ የማይናገረውን ሲሄድ ስለሚናገር ነው።

ከመነሳቴ በፊት ዘይቱን ቀየርኩ። በዚህ ሞተር የዘይት ጊዜው 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም 1 ዓመት ነው፤ የቀደመው ይወስናል። ያገለገለ ማሽን ላይ የሚረሳው ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ቆሞ 4,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሠራ ዘይት በኪሎ ሜትር ሲቆጠር አዲስ ይመስላል፤ በየአጭር መንገዱ የሰበሰበው እርጥበትና አሲድ ግን እዚያው አለ። ከፊል አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው ዓይነት ላይ ፊልትሮው ሁለት ነው፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው ማርሹን የሚቀይረው የሃይድሮሊክ ክፍል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይታለፋል፤ ከዚያ ማርሹ መዘግየት ሲጀምር ጥፋቱ በካምቢዮው ይሳበባል። ማፍሰሻ ብሎኑም ሁለት ነው። አንዱን ብቻ የፈታ ሰው አሮጌ ዘይት ውስጥ ትቶ ሙሉውን መጠን ይጨምርበታል፣ ዘይቱም ከልኩ ያልፋል። ማግኔት ያለው ብሎን ጫፍ ላይ የሚገኘው ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ስብርባሪ ከተገኘ ግን ጉዞው መቅረት አለበት። ሁለቱም ፊልትሮዎች ሲቀየሩ የሚገባው ወደ 5 ሊትር ይጠጋል፤ እኔ 4 ሊትር ተኩል አስገብቼ ቀሪውን በመለኪያው እያየሁ ጨመርኩ። ዘይቱ ለሞተር ሳይክል የተሠራ መሆን አለበት፤ ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ሜዳ ነበር፣ አስፋልቱም ደህና። ገና 5 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ መሪው በየትንሹ እብጠት ግራና ቀኝ መወርወር ጀመረ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ባለ ሦስት ጎማው አይጋደምም፤ ሁለት ጎማ የለመደ እጅ መሪውን አጥብቆ ሲይዝ የራሱን መንቀጥቀጥ መልሶ ለማሽኑ ይሰጠዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እጅን አላልቶ መዳፍን ብቻ ማሳረፍ ነው። ውርወራው ከቆመ ችግሩ የእጅ ነበር፤ ካልቆመ የጎማ ነው። አልቆመም። ወርጄ ስለካ የፊት ጎማዎቹ 32 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ሆነው ተገኙ።

ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም የፊት ጎማው መልኩ የመኪና ነው፣ መጠኑም 165/55 አር 15፤ ንፋስ የሚሞላው ሰው በመኪና ልማድ 32 ይሞላዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ የሚሸከመው ክብደት መኪና ላይ ካለው እጅግ ያነሰ ነው። ለዚህ ማሽን የፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ነው፣ የኋላው 28 አካባቢ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ማንበብ ነው። ጎማው ከልክ በላይ ሲወጠር መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ይሆናል፣ ይነጥራል፣ ጥርሱም መሃል ለመሃል ያልቃል። ሲለካ ጎማው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ በዝቅተኛ ግፊት ላይ 2 ፒኤስአይ ብዙ ነውና መለኪያውም ከ30 በታች በደንብ የሚያነብ ይሁን። ወደ 18 አወረድኳቸው፤ ውርወራው በአብዛኛው ጠፋ።

በዚያው ቆሜ የጎማዎቹን ዕድሜ አነበብኩ። ጎኑ ላይ ካለው የምርት ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግራሉ፤ 2318 ማለት በእ.ኤ.አ. 2018 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ እነዚህ ማሽኖች ላይ በጣም ያጋጥማል፣ ብዙዎቹ ከሚሄዱበት የሚቆሙበት ጊዜ ይበልጣልና። እርጥብ መንገድ ላይ የሚከዳው እንዲህ ያለው ነው። የግራው የፊት ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ ከውጨኛው የበለጠ ተበልቶ ነበር። እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፍጥነቱ ወጣ። ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት መካከል ከእግር መርገጫው ሥር ንዝረት ተነሳ፣ 120 ላይ ተመልሶ ሰከነ። በአንድ የፍጥነት ክልል ብቻ መጥቶ የሚሄድ፣ ጋዝ ሲሰጥ የሚቀንስና ጋዝ ሲለቀቅ የሚብስ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከቺንጋው ነው፤ ረጅሙ የታችኛው ወይም የላይኛው ክፍል እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል። የጎማ ባላንስ ችግር ቢሆን ኖሮ ጋዝ መስጠትና መልቀቅ ብዙም አይለውጠውም ነበር።

ማታ ቺንጋውን ጥርስ በጥርስ አየሁት። የሚፈለገው በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ፣ ከጠርዙ የወጣ ክር፣ ጠጠር ገብቶ የቀደደው ቀዳዳ ነው። አንዳቸውም አልነበሩም። አቀማመጡ ግን ትክክል አልነበረም፤ ቺንጋው የኋላውን ፑሌጃ ከንፈር እየታከከ ይሄድ ነበር። ጎማውን ወደፊት እያዞሩ ሲያዩት በቺንጋውና በከንፈሩ መካከል ቀጭን ክፍተት መታየት አለበት። ማስተካከያው የኋላ አክሱሉ ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኖች ናቸው፤ የአክሱሉን ዳዶ ካላሉ በኋላ በሩብ ዙር እየነኩ፣ ጎማውን ብዙ ጊዜ እያዞሩ ነው የሚሠራው። የግራው ሲነካ ውጥረቱም አቅጣጫውም አብረው ይለወጣሉ። ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚህ ነው። ውጥረቱ የሚለካው ጎማው ከመሬት ተነስቶ ነው፤ መሬት ላይ እንዳለ የተለካ ቁጥር ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም። በጣም የተወጠረ ቺንጋ የኩሽኔታዎቹን ዕድሜ ይበላል፣ በጣም የላላው ደግሞ ጥርስ ይዘላል። ዳዶው በመጨረሻ በቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ነው የሚጠብቀው፤ ሲጠብቅም አክሱሉ ትንሽ ስለሚሳብ አቀማመጡን እንደገና ማየት ግድ ነው።

የፊተኛውን ፑሌጃም በባትሪ መብራት አየሁ። ዙሪያው ላይ ቀይ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ፣ ፑሌጃው ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ጥርስ እርስ በርሱ እየተፋጨ የወጣ የብረት ዝገት ነው። ሲጠራረግ ይጠፋል፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ከተመለሰ ግን ተፈትቶ መታየት አለበት። ጠርጌው ፎቶ አነሳሁት፤ ለመመለሻው ቀን።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ሰሌዳው ላይ የመሪ አጋዥና የመረጋጊያ ሥርዓት ማስጠንቀቂያዎች አብረው በሩ፤ ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ጠፉ። የማይገናኙ የሚመስሉ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ሲበሩ ሴንሰር መግዛት ከመጀመር በፊት ባትሪውን መለካት ነው። መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር ይታገዛል፣ በዝግታ ሲዞር ብዙ ኃይል ይስባል፤ ኮምፒውተሮቹም ቮልቴጅ ሲወርድ ያልተበላሸውን ተበላሸ ይላሉ። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም በላይ ማሳየት አለበት፤ የእኔው 12.2 ነበር። ሞተሩ ሲሠራ 14.1 አሳየ፣ ስለዚህ ቻርጁ ደህና ነው፣ ያረጀው ባትሪው ነው። ጫፎቹን ፈትቼ ጠራርጌ አጥብቄ አሠርኳቸው፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስም ስልክም ከማሽኑ ጋር አላገናኘሁም።

ከዚያ ዳገት መጣ። ከፊል አውቶማቲኩ ወደ ላይ የሚቀየረው በግራ አውራ ጣት ነው፣ ፍጥነት ሲወርድ ግን ራሱ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ቆሞ ፍሬን ሳይዙ በጋዝ ብቻ ማሽኑን ማቆየት ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል። ሞተሩ ሲጠፋም ፍሪሲዮኑ ስለሚለቅ ማርሽ ውስጥ መተው ማሽኑን አይይዘውም፤ የማቆሚያ ፍሬኑ ካልተያዘ ይንከባለላል።

ጫፍ ላይ ስደርስ ዘይቱን ለካሁ። ይህን ሞተር ቀዝቅዞ የሚለካ ሰው ይሳሳታል፤ ሲቆም ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ወደ ታች ስለሚወርድ መለኪያው ጎደለ ይላል፣ ሰውየውም ይጨምራል፣ ትርፉ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ሳጥን ይሄዳል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ተነድቶ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ለአጭር ጊዜ ባለበት ሠርቶ፣ ከጠፋ በኋላ ወዲያው ነው የሚለካው። ቢጎድል እንኳ በ200 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ መድገም ነው።

ቁልቁለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። አንዱ ፔዳል የሦስቱንም ጎማ ፍሬን ይይዛል፤ መሪው ላይ በእጅ የሚያዝ ፍሬን የለውም። ስለዚህ ፍሬን ዘይቱ ከፈላ መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለም። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ዘይት ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው የሚፈላው፤ ውሃ ሲስብ ደረጃው እስከ 155 እንዲወርድ ይፈቅዳል። በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ከኪሎ ሜትር ጋር አይገናኝም። በጣት ማርሽ እየቀነስኩ በሞተሩ ያዝኩት፤ ታች ስደርስ በሙቀት መለኪያ ዲስኮቹን አየሁ። ሁለቱ የፊቶቹ ተቀራራቢ ነበሩ፣ የኋላው ግን ከሁለቱም በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ብዙውን የማቆም ሥራ ፊት ስለሚሠራ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ትርጉሙም የኋላው ካሊፐር (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) መንሸራተቻ ዘንጎች ደርቀው ሸራው ዲስኩን አይለቅም ማለት ነው። ማታ ፈትቼ ዘንጎቹን አጸዳሁ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀባሁ። የሸራው ውፍረት ከ2 ሚሊሜትር በላይ ስለነበረ ቀጠልኩበት።

በሦስተኛው ቀን ዝናብም ጠጠርም ነበር። ባለ ሦስት ጎማ ጉድጓድን በጎማዎቹ መሃል ማሳለፍ አይችልም፤ ፊት ሁለቱ ግራና ቀኝ ሲያልፉት የኋላው መሃሉን ያገኘዋል። የኋላው ጎማ የሚሄደውም መኪኖች ዘይት በሚያንጠባጥቡበት፣ ምስማርና ስብርባሪ በሚሰበሰብበት የመስመሩ መሃል ነው። ስለዚህ የሚበሳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ለመፍታትም የሚከብደው እሱ ነው፤ አክሱሉ ወጥቶ ቺንጋው መውረድ አለበት። የጎማ መድፈኛ ኪትና ትንሽ የንፋስ ፓምፕ ከዕቃው ሁሉ በላይ ሊቀመጡ ይገባል። ባለ ኮከብ ጫፍ ቁልፎችም እንዲሁ፣ የአካሉ ክፍሎች በአብዛኛው የሚፈቱት በእነሱ ስለሆነ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከኋላው ያለውን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፣ ሲፈታ የወጣበትን ቦታ ካርቶን ላይ እየሰኩ መሄድ ይህን ያስቀራል።

በእርጥብ መታጠፊያ ላይ የመረጋጊያ ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ያለምክንያት ጋዙን ያዘብኝ፣ ሁለቱም ወደ ቀኝ ስታጠፍ። ያቆየሁት የግራ ጎማ ጉዳይ እዚህ ላይ ተመለሰ። ቀጥ ባለ መንገድ መሪው በትንሹ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ነው የሚሄደው። ሥርዓቱ ደግሞ የመሪውን ማዕዘን ከማሽኑ ትክክለኛ መዞር ጋር ያነጻጽራል፤ መሪው ከመሃል ከወጣ የሌለ መንሸራተት ያያል። የፊት አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) በሌዘር ይሠራለት፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት ፊቱን በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ ያስፈልጋል። የመሪ ዘንግ ጫፍ ወይም ኩሽኔታ ላልቶ ሳለ የተሠራ አላይመንት በሳምንቱ ይፈርሳል። ሲጨረስም የመሪው ማዕዘን ሴንሰር መሃሉን እንደገና እንዲያውቅ በፋብሪካው ኮምፒውተር መስተካከል አለበት። በዚያው ቀጠሮ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥቶ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ፣ ማለትም ፋብሪካው ለጉድለት ማስተካከያ ያወጣው ጥሪ ይኖር እንደሆነ ማስመርመር ይቻላል፤ ጥሪው ከማሽኑ ጋር ነው የሚሄደው፣ ባለቤት ቢቀያየርም አይሰረዝም።

ማታ ማሽኑን አቁሜ የፊተኛውን ፑሌጃ በመብራት ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። ቀዩ ዱቄት ተመልሷል፤ ቀጭን፣ ግን ዙሪያውን። ከባትሪው ቀጥሎ፣ ከአላይመንቱ በፊት የሚፈታው እሱ ነው።