የበግ ቀንድ ወይስ የወርቅ መንገድ?

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ከፊኒክስ ከተማ በስተምሥራቅ ካለው የሱፐርስቲሽን ተራራ ገና መመለሴ ነው፤ ጉልበቴ እያቃሰተ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ስፔኖች ድንጋይ ላይ የተዉትን የወርቅ ምልክት ላሳይህ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ደብተሩን ገልጦ ያስረዳኛል፦ መስቀል ካየህ መንገዱን አልሳትክም፣ ልብ ካየህ ወርቁ ቀርቧል።

ድንጋዩን ጠጋ ብዬ አየሁት። ዘመን ያጠቆረው ቆዳው በድንጋይ ተወቅሮ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው ወጥቶ፣ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ የዱር በጎች ይታያሉ። የቀረጿቸው ጥንት በዚህ በረሃ ይኖሩ የነበሩት የሆሆካም ሰዎች ናቸው፤ ስፔናዊው አሳሽ ኮሮናዶ በ1540 ወርቅ ፍለጋ ወደዚህ ምድር ከመዝለቁ አስቀድሞ።

«ታዲያ ይህ ቀንድ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አቅጣጫ ጠቋሚ ነዋ!»

እኔን ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ከወርቁ አንድ አምስተኛውን ለንጉሡ መገበር የነበረበት ስፔናዊ፣ ጉድጓዱን ደብቆ ሲያበቃ ምስጢሩን ለአላፊ አግዳሚ ድንጋይ ላይ ይጽፋል? ደግሞስ ቢገኝ፣ ከ1984 ጀምሮ ተራራው ባለበት ጥብቅ ስፍራ አዲስ የማዕድን ይዞታ መያዝ ክልክል ነው።

ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። እሱ የአንዷን በግ ቀንድ ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ነበር።