ጥናቱን ከስልኩ ማውጣት፦ የሰባት ሳምንት የማትሪክ ዝግጅት

«ከጥምቀት በኋላ እጀምራለሁ»፣ «ሚድ ይለፍና»፣ «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ከኢድ በኋላ»፣ «በቃ ሰኞ»። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ሁሉ ይህን ቀጠሮ ያውቀዋል። የጥናት ቡድናችን አምስት የናቹራል ሳይንስ ተፈታኞች ያሉበት ነው። ጥናቱ ሰባት ሳምንት ሳይቋረጥ ስለዘለቀ የሠራውንና ያልሠራውን ለሌሎች ተፈታኞች ማካፈል አስፈላጊ መስሎናል። ከስር ከተጻፈው ግማሹ ምክር ነው፣ ግማሹ ገና መፍትሔ ያላገኘ ነገር ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ዛሬ ነገ ማለት ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015 ተፈታኞች 3.2፣ የ2016 5.4፣ የ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር በልቡ ይዞ ፊዚክስ የገለጠ ተማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲያቅተው መጽሐፉን ይዘጋና የሚያውቀውን የባዮሎጂ ምዕራፍ ያወጣል። ሦስት ሰዓት ያነባል፣ ያሰምራል፣ ሾርት ኖት ይጽፋል። ከውጭ ለሚያየው እያጠና ነው። ፊዚክሱ ግን ለነገ ተላልፏል። በጣም አደገኛው ማዘግየት ይህኛው ነው፤ ጥናት ስለሚመስል የጸጸት ስሜት እንኳ አይሰጥም።

የጥናት ፕሮግራም ስለማውጣት ብዙ የሚባል የለም። በአራት ቀለም የተሠራ ሰንጠረዥ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በአምስተኛው ቀን ይፈርሳል። ለቀኑ አንድ መስመር ይበቃል፤ ግን መስመሩ ቁጥር ይኑረው። «ማትስ ማንበብ» ሥራ አይደለም፣ መጨረሻው አይታወቅምና። «የ2013 ማትስ፣ ከጥያቄ 1 እስከ 18» ሥራ ነው። ከ9ኛ ክፍል ምዕራፍ አንድ ተነስቶ በተራ ማንበብንም አንመክርም። እንዲህ የጀመረ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በቃሉ ይዞ የመጨረሻዎቹን ሳይነካ ወደ ፈተና ይገባል። መጀመሪያ አንድ የቆየ ፈተና ተሠርቶ ስህተት የበዛበት ምዕራፍ ይለይ፣ ንባቡ ከዚያ ይጀምር።

ለመጀመር እጅ የሚያፍታታ አንድ ዘዴ አለ፤ ከሁሉም በላይ ይህን እንወደዋለን። የዕለቱ ጥናት ሲያልቅ የነገው የመጀመሪያ ጥያቄ ደብተር ላይ ተገልብጦ፣ የተሰጠውና የሚፈለገው ተጽፎ፣ ሳይሠራ ይታደራል። ለምሳሌ፦ «የተሰጠ፦ ከቆመበት የተነሳ መኪና፣ አክስለሬሽን 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ጊዜ 5 ሰከንድ። የሚፈለግ፦ የተጓዘው ርቀት።» በማግስቱ ደብተሩ ሲገለጥ ምን ልጀምር የሚል ሐሳብ የለም፤ የአክስለሬሽኑ ግማሽ በጊዜው ስኩዌር ሲባዛ 25 ሜትር ይሆናል። በሁለት ደቂቃ አንድ ጥያቄ ተሠራ፣ ቀጣዩ ይከተላል። ጥያቄው ቀላል ይሁን። ከባዱን ያሳደረ ሰው ጠዋት ደብተሩን ይሸሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ወደ ስልኩ።

«ስልክህን አርቀህ አስቀምጥ» የሚለው ምክር እኛ ዘንድ አይሠራም፤ ምክንያቱም ጥናቱ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። የቆዩ ፈተናዎች፣ ወርክሺቶች፣ የመማሪያ መጽሐፉ ፒዲኤፍ፣ ሁሉም ቴሌግራም ላይ ናቸው። የፊዚክስ ጥያቄ ለማየት ቴሌግራም ይከፈታል፣ ከላይ አንድ መልእክት ይታያል፣ ከዚያ ቻናሉ ስለ ፈተናው የለጠፈው አዲስ ወሬ ይነበባል፣ አርባ ደቂቃ ያልፋል። ዳታ ማጥፋትም በቂ አይደለም፤ ቀድሞ የተከፈተ ቻት ያለ ኢንተርኔትም ይነበባል። ስለዚህ መራቅ ያለበት ስልኩ ሳይሆን ቴሌግራሙ ነው፤ ፋይሉ ከውስጡ ወጥቶ ይቀመጥ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 እስከ 9 የማውረጃ ሰዓት ነው። ለሳምንቱ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ብቻ ይወርዳሉ፤ ከስድስት አይበልጡም። በአንድሮይድ ስልክ ፋይሉ አጠገብ ያሉት ሦስት ነጥቦች ተነክተው «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» ሲመረጥ ፋይሉ ወደ ስልኩ ማከማቻ ይገባል። ይህን የዘለለ ሰው ቴሌግራሙን ሲያጠፋ ፋይሉም አብሮ ይጠፋበታል። ከዚያ እያንዳንዱ ፋይል ከስልኩ የፋይል ማውጫ ተከፍቶ ይሞከር፤ ሁሉም ከተከፈቱ ቴሌግራም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ከስልኩ ይነሳል። መተግበሪያውን ማንሳት አካውንቱን አያጠፋም፣ ግሩፖቹም ባሉበት ይቆያሉ፤ መልሶ ለመግባት ስልክ ቁጥርና የሚላክ ኮድ ማስገባት ያስፈልጋል። ያ ኮድ የማስገባት ድካም ራሱ አጥር ነው። በሰባቱ ሳምንታት በሳምንቱ መሀል መልሶ የጫነ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ቀድሞ በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚከፈተው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ሆኗል።

ቴሌግራሙን ማንሳት ለማይችል፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ በዚያ ለሚመጣበት፣ ሌላ መንገድ አለ። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ፒን አፕ» የሚባል ነገር ይገኛል። እሱ ይበራ፣ «ከመውጣቱ በፊት ፒን ይጠይቅ» የሚለውም አብሮ ይበራ። ከዚያ የፒዲኤፍ ማንበቢያው ይከፈት፣ በቅርብ የተከፈቱ መተግበሪያዎች ወደሚታዩበት ይኬድ፣ የማንበቢያው ምልክት ተነክቶ «ፒን» ይባል። ስልኩ ከዚያ ማንበቢያ ውጭ ሌላ መተግበሪያ አይከፍትም። የሚጠይቀው ፒን የስልኩ የራሱ የመቆለፊያ ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩን ታላቅ እህት ወይም ወንድም እንዲቀይረውና ለሁለት ሰዓት እንዲይዘው ማድረግ ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ከሁሉም የሚሻለው ወረቀት ነው። ሃያ ገጽ ያለው ፈተና በአንድ ፊት ሁለት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ ከታተመ አምስት ወረቀት ብቻ ይሆናል። አምስት ሰው ካዋጣ የአንዱ ድርሻ አይከብድም። ለፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሰጠው ዋናው ፒዲኤፍ ይሁን። ከስልክ በስክሪንሾት የተነሳ ገጽ ሲያንስ የፓወርና የሰብስክሪፕት ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፤ የኬሚስትሪ ጥያቄ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊሳሳት ይችላል። ባዮሎጂ ብዙ ሥዕል ስላለው ሳያንስ በአንድ ፊት አንድ ገጽ ቢታተም ይሻላል። ማተሚያ ለማይመች ደግሞ ቅዳሜ ዕለት አሥር ጥያቄ በእጅ መገልበጥ ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን መብራት ቢጠፋም ባትሪ ቢያልቅም ጥናቱ አይቆምም።

ስለ ቪዲዮ ትምህርት አንድ ሕግ ብቻ፦ አሥር ደቂቃ ሳይታገሉ ቪዲዮ አይከፈትም። ከተከፈተም የተያዘበት እርምጃ እስኪታይ ብቻ ነው። ሙሉ ቪዲዮ አይቶ «ገባኝ» ያለ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ ባዶ ወረቀት ላይ ሲሰጡት ብዙ ጊዜ አይሠራውም።

የሰዓት ጉዳይ። 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚለው ዘዴ ለባዮሎጂና ለእንግሊዝኛ ቃላት ጥሩ ነው፣ ለማትስ ግን ያጥራል፤ ሐሳቡ ገና ሲያያዝ ሰዓቱ ይደውላል። ለማትስና ለፊዚክስ 50 ደቂቃ ሠርቶ 10 ደቂቃ ማረፍን እንመርጣለን። ቁጥሩንም ከፈተናው ማውጣት ይቻላል። ቀደም ባሉት ዓመታት ወረቀቶች ማትስ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነበር፤ ለአንዱ 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ግድም ይደርሳል፣ በ50 ደቂቃ 18 ጥያቄ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 9 መሥራት በቂ ነው። ባዮሎጂ 100 ጥያቄ በ2 ሰዓት ስለነበር ለአንዱ 72 ሰከንድ ይደርሳል። በእረፍቱ ስልክ አይነካም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ግቢ ይወጣል፣ ለእናት ቡና ማቀራረብ ይታገዛል።

የስህተት ደብተር ደግሞ አራት ዓምድ አለው፦ የፈተናው ዓመትና የጥያቄው ቁጥር፣ የተሰጠው መልስ፣ ትክክለኛው መልስ፣ የተሳሳተበት ምክንያት። ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው፦ አላወቅኩትም፣ ስሌት ሳትኩ፣ ጥያቄውን በስህተት አነበብኩ፣ ጊዜ አለቀብኝ። ጥያቄው በሦስተኛውና በአሥረኛው ቀን መልሱን ሸፍኖ እንደገና ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት የሚበላው ክርክር ነው። ሲዘዋወሩ የምናያቸው የመልስ ወረቀቶች ሁሉም ትክክል አይደሉም፤ ለአንድ ጥያቄ አንዱ ቢ፣ ሌላው ዲ ይላል። አምስት ደቂቃ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ተመሳክሮ ካልተፈታ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበት ዓርብ ለመምህር ይቀርባል።

ያልሠራውን እንናገር። ጥናት ለቀረ 20 ብር ቅጣት አስቀምጠን ነበር፤ የቀረው ሰው ብሩን ከፍሎ በሰላም መቅረት ጀመረ፣ ስለዚህ ተነሳ። በምትኩ እሑድ ሁሉም ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ የተሠሩት ጥያቄዎች ይቆጠራሉ። ሌሊቱን ለማንጋት ጫት መቃምን አጥብቀን እንቃወማለን። ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ያልፋል፣ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላት ደንዝዞ ይውላል፣ የተነበበውም አይያዝም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት የሚፈልግ ማታ ከ3 እስከ 4 ባለው ይተኛ።

እስካሁን ያልተፈታው የእንግሊዝኛ ረጃጅም ምንባብ ነው። በቀደሙት ወረቀቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ነበር፤ ምንባቡን ማንበቢያው ጊዜ ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። እስከ አሁን ከአምስታችን ሦስቱ በየሳምንቱ ለመጨረሻ እናስቀረዋለን፣ መጨረሻው ደግሞ አይደርስም። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ምንባብ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ አንብቦ በ12 ደቂቃ መሥራት የቀኑ የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል። የሰኞው ምንባብ ከነጥያቄው ዛሬ ታትሞ ደብተሩ ውስጥ ገብቷል።