ከበርናል ኮረብቶች እስከ ኤል ጉሳኖ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ተነሳሁ። የራቶንን ዳገት ስጨርስ ነጋ። ከዚያ ወዲያ ኒው ሜክሲኮ ነው። ቢጫ ሣር፣ ሰፊ ሰማይ፣ አልፎ አልፎ ጥቁር ከብት። ላስ ቬጋስ የምትባል ከተማ አለፍኩ፤ የቁማሯ አይደለችም፣ ትንሿ ናት። ጥቂት እንደነዳሁ አናቱ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ተራራ ብቅ አለ። አምባ ነው። ወሎ ያደገ ሰው አምባ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ፍጥነቴን ቀንሼ አየሁት። የዚያን አካባቢ ስም በማግስቱ በ1794 በተጻፈ ወረቀት ላይ አገኘሁት። (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

የሄድኩት አንዲት ልጅ ጠርታኝ ነው። ድሮ ዴንቨር አብረን የሌሊት ሽፍት እንሠራ ነበር። አሁን አልበከርኪ፣ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ዩኒቨርሲቲው የላንድ ግራንት፣ ማለትም ድሮ መንግሥት ለሰፋሪ የሰጠው መሬት፣ ጥናት ፕሮግራም አለው። እሷም በዚያ በኩል የድሮ የመሬት ሰነድ ታነባለች፣ ካርታ ትሠራለች። «ስለ አያትሽ ርስት የነገርሽኝን አልረሳሁትም። ነይና የእኛን ደግሞ እዪ» አለችኝ።

የእነሱ «መርሴድ» ይባላል። ቃሉ በስፓኒሽ ችሮታ ማለት ነው። የስፔን ንጉሥ፣ ኋላም የሜክሲኮ መንግሥት፣ ጠረፍ ሄደው ለሚሰፍሩ ሰዎች መሬት ይሰጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቤት ቦታና የእርሻ ማሳ ይደርሰዋል። የቀረው የወል ነው፤ ግጦሹም፣ ጫካውም፣ የሸክላ አፈሩም። አብዛኛው መሬት ይህ የወሉ ነው። በርክክቡ ቀን ሹሙ ሰፋሪዎቹን እጃቸውን ይዞ መሬቱ ላይ ያዞራቸዋል። ሣር ይነጫሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ንጉሡ ይኑር ብለው ይጮኻሉ። ከዚያ በኋላ መሬቱ የእነሱ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ዚመርማን ይባላል። ከውጭ ሲታይ የጭቃ ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ጣሪያው በትላልቅ የተጠረቡ ግንዶች ተይዟል። ልጅቷ የማይክሮፊልሙን ማሽን አበራችው። ጽሕፈቱ ተያይዞ፣ ተጠላልፎ፣ ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው። እሷ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ።

ኅዳር 1794። ሎሬንሶ ማርኬስና 51 ሰዎች በፔኮስ ወንዝ ዳር ሳን ሚጌል ዴል ቫዶ በሚባል ቦታ መሬት ጠየቁ። ገዢው ፈቀደ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። መንደሩን እንዲሠሩ፣ የመስኖ ቦዩን በጋራ እንዲቆፍሩ። መሣሪያ እንዲይዙ፤ ለጊዜው ቀስትም ይሆናል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ሁሉም ጠመንጃ ይኑረው። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። መሬቱ የእነዚህ 52 ሰዎች ብቻ አይደለም ይላል፤ ወደፊት መጥተው ለሚሰፍሩም ሁሉ የጋራ ነው። ገና ላልመጣ ሰው ቦታ የያዘ ወረቀት ነው።

ድንበሩ ደግሞ እንዲህ ነው። በሰሜን የላም ወንዝ። በደቡብ ነጭ ሸለቆ። በምሥራቅ ዳገቱና የበርናል ትንንሽ ኮረብቶች። በምዕራብ ኤል ጉሳኖ የሚባለው ቦታ። ጉሳኖ ትል ማለት ነው። «በርናል?» አልኳት። ትናንት ያየሁት አምባ ከበርናል መንደር አጠገብ ነው የቆመው። ቀዬውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ድንበር ነው። የእኛ አባቶችም ቢሆኑ «ከዋርካው እስከ ጅረቱ» ብለው ነው ልጆቻቸውን ያወረሱት። ለማያውቅ ግን ባዶ ወረቀት ነው። ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው።

በ1848 ሜክሲኮ ተሸንፋ ይህንን ሁሉ አገር ለአሜሪካ አስረከበች። የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል የነዋሪው ንብረት እንደሚከበር ይናገራል። ስለ መርሴዶቹ በግልጽ የሚናገረውን አንቀጽ 10ን ግን የአሜሪካ ሴኔት ሰርዞ አወጣው። ከዚያ በኋላ ባለ መሬቱ ወደ ቢሮና ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ይዞታው የእሱ መሆኑን እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ግን የለም። ስለዚህ ጠበቃው የሚከፈለው በመሬት ነው፤ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይወስዳል። የሳንታ ፌው ጠበቃ ቶማስ ካትረን በዚህ መንገድ ከታላላቆቹ ባለ መሬቶች አንዱ ሆነ። በ1912 ደግሞ ከግዛቲቱ የመጀመሪያ ሁለት ሴናተሮች አንዱ።

የሳን ሚጌል ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1897 ተፈረደ። የወል መሬት ባለቤቱ ድሮም ንጉሡ ነው፤ ንጉሡን የተካው አሜሪካ ነው፤ ስለዚህ መሬቱ የመንግሥት ነው ተባለ። ለሰዎቹ የጸናላቸው የሚኖሩበትና የሚያርሱት ብቻ ነው። ከ315 ሺህ ኤከር 5,147 ኤከር ቀረ። በጋሻ ብናሰላው ከ3 ሺህ ጋሻ በላይ ነበር፤ የተረፈው 52 ጋሻ ገደማ ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። የሷ ቅድመ አያቶች ከዚያ ወንዝ ዳር ናቸው። ብዙ ጊዜ ስለተናገረችው ይመስለኛል።

ሌላም ነገረችኝ። በ1870 ገደማ ገዢው ዊልያም ፓይል በነበረበት ዘመን ከመንግሥት መዝገብ ቤት ብዙ የስፔን ዘመን ወረቀት እንደ ቆሻሻ ተሸጠ። የሱቅ ዕቃ መጠቅለያ ሆነ። ከፊሉ ተለቅሞ ተመለሰ፣ ከፊሉ ጠፋ። የአንድ መንደር ርስት ስኳር ተጠቅልሎበት ሲሄድ እያሰብኩ አመሸሁ።

በማግስቱ ወደ ሰሜን፣ አቢኪዩ ሄድን። ቀይ ገደል፣ ከሥሩ ቢጫ የወንዝ ዳር ዛፍ፣ ከላይ ትንሽ የጭቃ መንደር። ሰዎቹ ሄኒሳሮ ይባላሉ። አያቶቻቸው ከተለያየ ጎሳ የተማረኩ ወይም የተሸጡ የአገሬው ተወላጆች ናቸው፤ በስፔኖች ቤት ክርስትና ተነሥተው በአገልጋይነት ያደጉ። በ1754 ገዢው ቬሌስ ካቹፒን እዚህ ጠረፍ ላይ አሰፈራቸውና መሬት ሰጣቸው። እነሱ ከ16 ሺህ ኤከር በላይ የወል መሬታቸውን እስከ ዛሬ ይዘዋል። አደባባዩ ላይ መርሴዱ የሚያስተዳድረው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከበርክሊ የመጡ የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎችም ከማኅበረሰቡ ጋር እየመከሩ፣ ከመንደሩ ወጣቶች ጋር የድሮውን ቦይና እርከን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ይህ በጣም ደስ አለኝ። የመሬቱ ባለቤት ከተመራማሪው ጎን ቆሞ ሲጠይቅ ማየት ብዙ ቦታ አይገኝም።

ቦዩን አሴኪያ ይሉታል። ተራ የሚያወጣው፣ ጸብ የሚያበርደው ሰው ማዮርዶሞ ነው። የውሃ አባት ብዬ ተረጎምኩት፤ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም።

ሦስተኛው ቀን ሳን ሚጌል። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ግንብ አለው፣ ፔኮስ ከሥሩ ያልፋል። የመርሴዱ ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ቡና በፔርሙዝ፣ ብስኩት በሰሃን። በ2004 የኒው ሜክሲኮ ሕግ መርሴዶችን የአካባቢ መንግሥት አካል አድርጎ አውቋቸዋል። ትልቅ ድል ነው። ከድሉ ጋር ግን በጀት፣ ኦዲት፣ የስብሰባ ማስታወቂያ፣ ቃለ ጉባኤ መጣ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቀን ሥራ ውለው ማታ በነፃ የሚያገለግሉ ናቸው። ልጅቷ ላፕቶፗን ከፍታ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ያጠፋችው በበጀት ቅጽ ላይ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ሕዝብ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ አንድን ቅጽ ከሽማግሌ ጋር መስመር በመስመር መሙላትን የሚያህል ግን አላየሁም።

ከዚያ ካርታውን ዘረጋች። የ1794ቱን ድንበር ከዛሬው መንገድና አጥር ጋር አንድ ላይ አስቀምጣዋለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰዎቹ ተነሥተው ተጠጉ። አንዲት ሴት መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። የሰማንያ ዓመት ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ባለ ኮፍያ አዛውንት፣ በምዕራብ በኩል ያለችውን ቀይ ነጥብ በወፍራም ጥፍራቸው ነኩ። «ኤል ጉሳኖ» ይላል።

«እዚህ አይደለም፣ ሚሃ» አሏት። ሚሃ ልጄ ማለት ነው። «ከደረቁ ወንዝ ወዲያ ነው። አያቴ በጎቹን ያጠጣ የነበረበት።»

«ወዲያ ስንት ይሆናል፣ አባባ?»

«በእግር አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ።»

ነጥቧን በማውሱ ይዛ ቀስ እያደረገች ወደ ግራ ገፋቻት። ትገፋለች፣ ታያቸዋለች። ትገፋለች፣ ታያቸዋለች። «እሺ፣ እዚያ» አሉና ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። እሷም በማስታወሻዋ ላይ ማን እንደነገራት፣ በምን ቀን፣ ጻፈች።

የተወሰደው መሬት በአንድ ካርታ አይመለስም። የ2004ቱ የኮንግረስ መርማሪዎች ሪፖርት በኒው ሜክሲኮ 154 የማኅበረሰብ መርሴዶች ቆጥሯል። የማጣራቱ ሂደት ባለ መሬቶቹን እንደጎዳ ማመንን፣ መሬት መመለስን፣ ካሳን በአማራጭ ዘርዝሮ ውሳኔውን ለኮንግረስ ተወው። የብዙዎቹ የወል መሬት ዛሬ በፌዴራሉ የደን መሥሪያ ቤት እጅ ነው፤ ሰዎች አያቶቻቸው በነፃ ከቆረጡበት ጫካ ማገዶ ለመቁረጥ ፈቃድ ያወጣሉ። አዛውንቱን ስሰናበት ይህንኑ አነሳሁባቸው። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «የልጅ ልጄ ጉሳኖን አያውቀውም ነበር። ነገ ይዤው እሄዳለሁ» አሉኝ።

ወደ ዴንቨር ስመለስ በርናል ጋ ከአውራ ጎዳናው ወጣሁ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ወረድኩ። ነፋስ ነው፣ የጥድ ሽታ አለው። አምባው ከቅርብ ሲታይ ቀይ ነው። ወደ ምዕራብ ዞሬ ቆምኩ። ከዚህ ኤል ጉሳኖ አይታይም፤ አቅጣጫውን ግን አውቄዋለሁ።